የወረዳውን ይዞታ በአንድ ስክሪን፦ ማሳውን ስናሳይ ዙሪያው እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ጮቄ ሥር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የምሠራው በምሥራቅ ጎጃም ዞን ባለ አንድ ወረዳ፣ የገጠር መሬት ይዞታ መረጃ በሚያዝበት ክፍል ነው። ወረዳው 30 ገደማ ቀበሌዎች አሉት፤ ቀበሌው በጎጥ፣ ጎጡ በማሳ ይከፋፈላል፤ ማሳዎቹ በድምሩ ከመቶ ሺህ ያልፋሉ። መረጃው በሰርቨሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። የቸገረኝ አያያዙ ሳይሆን በስክሪን ላይ የሚታይበት መንገድ ነው።

አሁን ያለው ገጽ በግራ በኩል ወደ ታች የሚዘረጋ ዝርዝር አለው። አንድ ጎጥ ሲከፈት በውስጡ ያሉት ማሳዎች ስክሪኑን ይሞሉትና ሌሎቹን ጎጦችና ቀበሌዎች ወደ ታች ገፍተው ከዓይን ያጠፏቸዋል፤ ስክሮል እያደረግሁ ስወርድ የቱ ቀበሌ ውስጥ እንዳለሁ እንኳ የሚነግረኝ የለም። የካርታው ገጽም ከዚህ አይሻልም። ማሳው በደንብ እስኪታይ ድረስ ዙም ሲደረግ ወንዙም፣ መንገዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከስክሪኑ ይወጣሉ፤ እነሱ እንዲታዩ ወደ ኋላ ሲመለሱ ደግሞ ማሳው ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ የሚከብደው አዋሳኝ ሲጣራ ነው። ሰሞኑን አንድ አባት በመስኮቱ በኩል የይዞታ ደብተራቸውን ዘርግተው «በምሥራቅ በኩል ማን ተብሎ ነው የተጻፈ?» ብለው ጠየቁኝ። በደብተሩ ላይ የሠፈሩት ሰውዬ ሞተው መሬቱ ለልጃቸው ተላልፏል፤ ስለዚህ የባለጉዳዩን ማሳ ዘግቼ የጎረቤቱን መፈለግ ነበረብኝ፤ ያኛው ሲገኝ ይኸኛው ከስክሪኑ ጠፋ። በመጨረሻ ሁለቱን በወረቀት ገልብጬ አስተያየሁ። ይህን የመሰለ ሰፊ መረጃ ዝርዝሩና ዙሪያው ባንድነት እንዲታዩ አድርጎ የማሳየት ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስክሪኖቻችን 1366 በ768 ፒክስል ናቸው፤ በቅርቡ ከዚህ የሚበልጥ እናገኛለን ብዬ አልጠብቅም።

ጣና ዳር

ጠያቂያችን ያነሡት ችግር በመስኩ ብዙ የተጻፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲ ኮክበርን፣ ኤሚ ካርልሰንና ቤንጃሚን ቤደርሰን እስከዚያ ድረስ የቀረቡትን መፍትሔዎች ሰብስበው በአራት ከፍለዋቸዋል። አንደኛው አጠቃላዩንና ዝርዝሩን በተለያዩ መስኮቶች ጎን ለጎን ማሳየት ነው። ሁለተኛው ዙም ሲሆን፣ ሁለቱ የሚታዩት በተለያየ ጊዜ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በአንድ ሥዕል ውስጥ ሳይነጣጥሉ ማዋሐድ ነው። አራተኛው ደግሞ መጠንና ቦታ ሳይነካ፣ አስፈላጊውን በማድመቅ ሌላውን በማደብዘዝ መለየት ነው። አሁን ያለዎት ገጽ ሁለተኛው ብቻ ስላለው ነው ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስዎት።

እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ሮበርት ስፔንስና ማርክ አፐርሊ እ.ኤ.አ. በ1982 መሐሉ በሙሉ መጠን የሚታይ፣ ግራና ቀኙ ግን ተጨምቆ የሚቀመጥ ስክሪን አቅርበው ነበር። ማኖጂት ሳርካርና ማርክ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንኑ በመስመር ለተያያዙ ነገሮች ሁሉ እንዲሠራ አድርገው በቀላል ስሌት አስቀምጠውታል። ከትኩረቱ ነጥብ እስከ ስክሪኑ ጠርዝ ያለው ርቀት 1 ነው እንበል። መሐሉ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚወስነው የማዛቢያ ቁጥር 3 ከሆነ፣ በ0.1 ላይ የነበረ ነገር ወደ 0.31 ገደማ ይሸሻል፤ በ0.9 ላይ የነበረው ደግሞ 0.97 ላይ ይቀመጣል። ማለትም ለትኩረቱ ቅርብ የሆነው አንድ አሥረኛ የስክሪኑን ሲሶ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ጠርዝ ላይ ያለው አንድ አሥረኛ ግን ከመቶ ሦስት በማይሞላ ስፋት ውስጥ ይታጨቃል፤ ሆኖም ከስክሪኑ የሚወጣ ነገር የለም።

ለቀበሌና ለጎጥ ዝርዝሩ ደግሞ ጆን ላምፒንግ፣ ራማና ራኦና ፒተር ፒሮሊ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት የሃይፐርቦሊክ አቀማመጥ አለ። በዚያ ጂኦሜትሪ ከመሐሉ በተራቀ ቁጥር የክቡ ዙሪያ በጣም በፍጥነት ይሰፋል፤ የዛፍ መዋቅርም ወደ ቅርንጫፎቹ በወረዱ ቁጥር ብዛቱ በዚያው መልክ ስለሚያድግ ሁለቱ ይገጥማሉ። ወረዳው መሐል ይቀመጣል፤ አንድ ቀበሌ ሲነካ ወደ መሐል ይመጣል፤ ሌሎቹ እየጠበቡ ወደ ዳር ይሄዳሉ።

ደጋ ዳሞት

የጣና ዳርን ማብራሪያ በአክብሮት ተቀብዬ፣ በካርታው ላይ ግን አልስማማም። የምንነጋገረው ስለ መሬት ነው። ቅርጽን የሚያዛባ አሠራር ቀጥ ያለውን ወሰን ያጎብጠዋል፤ በትኩረቱ ላይ ያለውን ማሳም ከጎረቤቱ አስፍቶ ያሳየዋል። ሁለት አዋሳኞች አንድ ስክሪን ፊት ቆመው የአንደኛው መሬት ሰፍቶ፣ የሌላኛው ተጨፍልቆ ሲታይ፣ ሠራተኛው «ይህ የአሳሳል ጉዳይ ነው» ብሎ ቢያስረዳ ማን ይሰማዋል? ስፋትና ወሰን ሕጋዊ ውጤት ባላቸው ሥራ ላይ ካርታው በአንድ ሚዛን የተሣለ መሆን አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም።

በእኔ እምነት ለካርታው የሚሻለው ጥግ ላይ ትንሽ አጠቃላይ ካርታ አስቀምጦ፣ ዋናው መስኮት የቱ ላይ እንዳለ በሣጥን ማመልከት ነው። ይሁንና ትንሿን ካርታ ሰው ስለወደዳት ብቻ ሥራ ታፋጥናለች ማለት አይደለም። ካስፐር ሆርንቤክ ከቤደርሰንና ከካትሪን ፕሌዛን ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ትንሿ ካርታ ያለችበትን ገጽ መርጠዋል፤ ነገር ግን ከሁለቱ የሙከራ ካርታዎች በአንደኛው ላይ ሥራውን ቶሎ የጨረሱት እሷ በሌለችበት ገጽ ነበር። ያኛው ካርታ በየደረጃው የሚበቃ መረጃ ስለነበረው ዋናው ሥዕል ራሱ መንገድ ይመራቸው ነበር፤ ዓይንን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ማመላለስም የራሱ ዋጋ አለው።

ከዚህ የምወስደው፣ ዙሙ ራሱ ይዘት የሚለውጥ መሆን እንዳለበት ነው። ከሩቅ ሲታይ የቀበሌዎቹ ስምና ወሰን ብቻ ይውጣ፤ ቀረብ ሲባል ጎጡ፣ ወንዙ፣ የመኪናው መንገድና ቤተ ክርስቲያኑ ይታዩ፤ የማሳ ቁጥርና የባለይዞታ ስም የሚመጣው ማሳዎቹ ስም የሚሸከሙ ያህል ሲሰፉ ብቻ ይሁን። በዚያ ደረጃ ላይ ወንዙ ከስክሪኑ ቢወጣ እንኳ በጠርዙ ላይ ስሙና አቅጣጫው ቢቀር ባለጉዳዩ አይጠፋበትም። አገሬው ቦታ የሚናገረው በቁጥር ሳይሆን «ከወንዙ በላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች» እያለ መሆኑን ጠያቂያችን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጮቄ ሥር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በካርታው ጉዳይ ከደጋ ዳሞት ጋር ነኝ። ስለ ዝርዝሩ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ መዋቅሩን እንደ ዛፍ ገለጽኩት እንጂ እውነቱ ከዚያ ይወሳሰባል። አንድ ባለይዞታ አራትና አምስት ማሳ በተለያየ ጎጥ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ደጋ ላይ ገብስ የሚዘራበት፣ ሌላው ቆላው ጫፍ ያለ ማሽላ የሚያበቅል ይሆናል። በቦታ ካየነው ማሳው የጎጡ ነው፤ በመብት ካየነው የሰውዬው ነው። አዋሳኝነት ደግሞ ጎጥንም ቀበሌንም አያውቅም፤ ወሰን ላይ ያለ ማሳ ጎረቤቱ ሌላ ቀበሌ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዝርዝሩ እነዚህን ሦስቱን እንዴት አንድ ላይ ያሳያል?

መዝገብ ቤት

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የነገሩን ሥር የነካ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ «ምንን ምን ያህል አተልቀን እናሳይ» በሚለው ላይ ያተኮረ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ግን «ከመቶ ሺሁ ውስጥ የትኞቹ ይታዩ፣ የትኞቹ ጨርሶ አይታዩ» የሚለው ነው። ጆርጅ ፈርናስ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ዓሣ ዓይን እይታ (መሐሉን አጉልቶ ዙሪያውን እያሳነሰ ስለሚያሳይ እይታ) ባቀረበው ጽሑፍ ያስቀመጠው መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው የዓሣ ዓይን ሲባል የተዛባ ሥዕል ብቻ ትዝ ይለዋል እንጂ፣ እሱ የጀመረው ከመምረጥ ነበር። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ የተፈላጊነት ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡም ነገሩ በራሱ ካለው ክብደት ላይ፣ አሁን ከተመረጠው ነገር ያለው ርቀት ተቀንሶ የሚገኝ ነው። ከዚያ አንድ መቁረጫ ይወሰናል፤ ከመቁረጫው በታች የወደቀ አይታይም።

በእርስዎ መዋቅር እናስላው። ወረዳው በደረጃ 0፣ ቀበሌው በ1፣ ጎጡ በ2፣ ማሳው በ3 ላይ ነው። ወደ ላይ ያለው ይበልጥ ክብደት ስላለው፣ ክብደትን የደረጃው ቁጥር በኔጌቲቭ ይሁን እንበል። አንድ ማሳ ሲመረጥ የራሱ ርቀት 0፣ ክብደቱ ኔጌቲቭ 3 ነው፤ ነጥቡም ኔጌቲቭ 3 ይሆናል። የእሱ ጎጥ በ1 ይርቃል፣ ክብደቱ ኔጌቲቭ 2 ነው፤ ድምሩ ያው ኔጌቲቭ 3 ነው። ቀበሌውም ወረዳውም እንዲሁ ይወጣሉ። ስለዚህ ከማሳው እስከ ወረዳው ያለው መስመር ሁልጊዜ እኩል ነጥብ ይዞ አብሮ ይቆያል፤ «የቱ ቀበሌ ውስጥ እንዳለሁ የሚነግረኝ የለም» ያሉት ችግር በዚህ ብቻ ያበቃለታል።

መቁረጫውን ወደ ኔጌቲቭ 5 ስናወርድ የመስመሩ እኅትማማቾች ይገባሉ፦ የቀበሌው ሌሎች ጎጦች፣ የወረዳው ሌሎች ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በጎጡ ውስጥ ያሉት ሌሎች ማሳዎች በሙሉ። ጎጦቹና ቀበሌዎቹ ጥቂት ስለሆኑ መልካም ነው። የጎጡ ማሳዎች ግን ብዙ መቶ ሊሆኑ ስለሚችሉ ስክሪኑን መልሰው ያጥለቀልቁታል፤ አሁን ካለው ገጽ ብዙም አልተላቀቅንም ማለት ነው።

መፍትሔው ርቀትን በዛፉ ብቻ አለመለካት ነው። ፈርናስ ርቀት የሚለው ማንኛውንም ለሥራው ትርጉም ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሆን በጎጡ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ዝጉት፤ በምትኩ ሁለት ሌሎች መንገዶች ክፈቱ። የሚዋሰኑ ሁለት ማሳዎች ርቀታቸው 1 ይሁን፤ በሌላ ቀበሌ ቢሆኑም ለውጥ የለውም። የአንድ ባለይዞታ ሁለት ማሳዎችም ምን ያህል ቢራራቁ 1 ይሁን። አሁን አዋሳኙ ማሳ ነጥቡ ኔጌቲቭ 1 ሲደመር ኔጌቲቭ 3፣ ማለትም ኔጌቲቭ 4 ይሆናል፤ የሰውዬው ሌሎች ማሳዎችም እንዲሁ። በአምስት ወሰን የራቀው የዚያው ጎጥ ማሳ ግን፣ በባለይዞታ በኩል የሚያያዝ ካልሆነ፣ ወደ ኔጌቲቭ 8 ይወርዳል። መቁረጫው ኔጌቲቭ 4 ላይ ሲሆን በስክሪኑ ላይ የሚቀረው ማሳው፣ ጎጡ፣ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ በአራቱም አቅጣጫ ያሉት አዋሳኞችና የሰውዬው ሌሎች ይዞታዎች (በሌላ ጎጥ ወይም ቀበሌ ካሉም ከነጎጣቸውና ከነቀበሌያቸው) ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 መስመር አይበልጥም፤ በ768 ፒክስል ቁመት ላይ በምቾት ይገባል።

ልብ በሉ፤ ይህ ዝርዝር የመጀመሪያው ዙር የይዞታ ምዝገባ ደብተር የሚይዘውን ነገር ይመስላል። ያ ደብተር ካርታ ስላልነበረው ማሳውን የሚገልጸው በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ በሚያዋስኑት ሰዎች ነበር፤ መዝጋቢዎቹ በወረቀት ላይ ለማሳው የሚበቃውን ያህል ዙሪያ መርጠው ጽፈውለታል። ልዩነቱ፣ ስክሪኑ ላይ የአዋሳኙን ስም ሲነኩት እሱ ማዕከል ይሆንና የቀድሞው ማሳ ከአዋሳኞቹ እንደ አንዱ ሆኖ መታየቱን ይቀጥላል። ደብተራቸውን ይዘው የመጡት አባት ጥያቄ ያለ ወረቀት ግልባጭ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው። የአዋሳኝነቱን መረጃ ለማግኘትም እንደገና መመዝገብ አያስፈልግም፤ በካርታ በተደገፈው በሁለተኛው ዙር ምዝገባ ከተሣሉት የማሳ ቅርጾች ውስጥ ወሰን የሚጋሩትን በጂአይኤስ (የካርታ መረጃ በሚያሰላ) ሶፍትዌር አንድ ጊዜ አስልቶ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይበቃል። በሥዕሉ ላይ በመሐል መንገድ ወይም ቦይ የሚያልፍባቸው ማሳዎች «አይዋሰኑም» ተብለው እንዳይዘለሉ ግን ጥቂት ሜትር ክፍተት መፍቀድን አትርሱ።

ሃይፐርቦሊኩን ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ነገር በተነካ ቁጥር ሁሉም ቦታውን ስለሚለውጥ፣ ቀበሌዎቹን በቦታቸው ለምዶ የሚሠራ ሰው ይደናገራል። ቀበሌዎቹ በግራ፣ ጎጦቹ ቀጥለው፣ ማሳዎቹ በቀኝ በቋሚ ዓምድ ቢቀመጡ ይሻላል።

ደጋ ዳሞት

በዚህ በጣም እስማማለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፤ መቁረጫው ያስቀራቸው ማሳዎች የሌሉ እንዳይመስሉ፣ በጎጡ መስመር ላይ ስንት እንደተደበቁ በቁጥር ይጻፍ። ዝርዝሩ ሲለዋወጥም በቅጽበት አይቀየር። የኮን ዛፍ የተባለውን ባለሦስት ገጽታ አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ጆርጅ ሮበርትሰን፣ ጃክ ማኪንሌይና ስቱዋርት ካርድ አጥብቀው የተናገሩት ይህን ነበር፤ ነገሮቹ ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀሱ ከታዩ ዓይን ራሱ ይከታተላቸዋል፣ ተመልካቹም የቱ የት እንደሄደ በሐሳቡ አይፈልግም። ለዚህ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ በቂ ነው። ከዚያ ከረዘመ ወረፋ የያዘው ሰው ይሰለቻል።

ጣና ዳር

ባለጉዳይ ለሚስተናገድበት የመስኮት ሥራ የመዝገብ ቤት ሐሳብ ይሁን። ነገር ግን ኃላፊዎቹ የሚያዩት ገጽ የተለየ ነው፤ እነሱ አንድ ማሳ አይፈልጉም፣ ሁለተኛው ዙር ደብተር ያልደረሰባቸው ወይም ክርክር የበዛባቸው የት የት እንደሆኑ ማወቅ ነው የሚሹት። ለዚህ ትሪማፕ አለ። ቤን ሽናይደርማን በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያሰበው 14 ሰዎች የሚጋሩት ባለ 80 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ እየሞላ ሲያስቸግር፣ ቦታውን የወሰደው ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ለማየት ነበር። ስክሪኑ በሙሉ ለወረዳው ይሰጣል፤ ለየቀበሌው፣ ከዚያም ለየጎጡ፣ በመጨረሻም ለየማሳው በስፋቱ ልክ ይሸነሸናል።

ስሌቱ ያስደስታል። 1366 በ768 ሲባዛ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ፒክስል ይሆናል፤ ለመቶ ሺህ ማሳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ በአማካይ አሥር ያህል፣ ማለትም ሦስት በሦስት የሆነች ነጥብ ይደርሰዋል። አንዷን ነጥብ በማውዝ መንካት ያስቸግራል፤ ደብተር ያልወጣለት ሁሉ ቀይ ቢሆን ግን ቀይ የበዛበት ጎጥ ከሩቅ ይጮኻል። ሲሸነሸን ቀጫጭን ቁራጭ እንዳይበዛ፣ ያርክ ቫን ዋይክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡትን ቁራጮቹን ወደ ካሬ የሚያቀርብ አሸናሸን ተጠቀሙ። ብዙዎቹ ዝግጁ የግራፍ ላይብረሪዎች ይዘውታል።

ፊደል ቆጣሪ

ዘግይቼ ገባሁ፤ ስለ ጽሑፉ መጠን ያነሣ ሰው ስላላየሁ ነው። ከትኩረቱ የራቀውን ማሳነስ በላቲን ፊደል ላይ ተሞክሮ የሠራ ዘዴ ቢሆንም፣ በእኛ ፊደል ላይ ቶሎ ይሰበራል። «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንድ ትንሽ ቅጥያ ነው፤ በእኔ ስክሪን ላይ ቁመቱ ከ11 ወይም ከ12 ፒክስል ሲያንስ ቅጥያው ከአካሉ ጋር ይቀላቀልና ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ስምን ከዚያ በታች አታሳንሱት፤ ቦታ ከሌለ በሙሉ ደብቁት እንጂ የማይነበብ ስም አታስቀሩ። ማደብዘዝ ካስፈለገም በቀለም ይሁን፣ በመጠን አይሁን።

ስም ለማሳጠር ስትቆርጡም ከአያት ስም ጀምሩ፤ የራስ ስም ብቻ ግን አታስቀሩ። በአንድ ጎጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ ስለሚሆኑ፣ የአባት ስም ካልታየ አዋሳኙ ማን እንደሆነ አይለይም። ፍለጋው ደግሞ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ»፣ «አ»ን ከ«ኣ»፣ ከ«ዐ» እና ከ«ዓ»፣ «ጸ»ን ከ«ፀ» ጋር አንድ አድርጎ ይፈልግ፤ «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ልጁ «አለሙ» ብሎ ቢያስጽፈውም መገኘት አለበት። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው ሳይነካ ይሁን።